የመብራት ሒሳብ ከመጠን በላይ ሲመጣ ምክንያቱን ስለ መመርመር

መግቢያ

በከተማችን ብዙ ግቢ ውስጥ የመብራት ሒሳብ የሚከፈለው በአንድ ቆጣሪ ነው። ባለቤቱ በትልቁ ቤት ይኖራል፤ ከጓሮ በተሠሩት ሰርቪስ ክፍሎች ደግሞ ሁለትም ሦስትም ተከራዮች ይኖራሉ፤ ሒሳቡም በየወሩ ሲመጣ በሰው ቁጥር ወይም በግምት ይካፈሉታል። ሒሳቡ እንደ ተለመደው ሆኖ ሲመጣ ጠብ የለም። አንድ ወር በድንገት ሲንር ግን ቆጣሪው ሳይታይ ሰው ይጠረጠራል። የሚጠረጠረውም አብዛኛውን ጊዜ ምጣድ ያለው ተከራይ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ እኔ ራሴ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። ግቢው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ አራት ቤተሰብ ይኖርበታል፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። በዚያ ወር የመጣው ሒሳብ ካለፈው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት፣ ወረቀቱን ይዘው ወደ ጓሮ መጡና እንጀራ እየጋገረች የምትሸጠውን ጎረቤቴን፣ «ልጄ፣ እኔ በጡረታ ነው የምኖረው። ወይ የሒሳቡን ግማሽ ክፈይ፤ አለዚያም እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልጊ» አሏት። እርስዋም፣ «እማማ፣ ምጣዱ ያው የድሮው ምጣድ ነው። የምጋግረውም ያው በሳምንት ሦስት ቀን ነው» ብላ መለሰች። ነገር ግን የምታሳየው ማስረጃ አልነበራትም። ሁለት ልጆች አሏት፤ የሦስቱም መተዳደሪያ ያ ምጣድ ነው።

ነገሩን በሙግት ሳይሆን በልኬት መጨረስ ይቻላል ብዬ ስላሰብሁ፣ ዐሥር ቀን እንዲታገሡን እማማን ለመንኋቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱ። ከዚህ በታች የማቀርበው በእነዚያ ዐሥር ቀናት ያደረግነውን ምርመራና ከምርመራው ያገኘሁትን ዘዴ ነው። ዘዴው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ሰዓት፣ አንድ ደብተርና የግቢው ሰው ፈቃድ ይበቁታል።

ሒሳቡ ከምን እንደሚወጣ

የመብራት ሒሳብ የሦስት ነገሮች ውጤት ነው። አንደኛው በቀን የሚበላው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ ሁለተኛው ቆጣሪው ከተነበበበት ቀን እስከሚቀጥለው ንባብ ድረስ ያለው የቀን ብዛት ነው፤ ሦስተኛው ዋጋው ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢለወጥ ሒሳቡ ይለወጣል። ሰው ግን ብዙውን ጊዜ በወረቀቱ ግርጌ ያለውን ብር ብቻ አይቶ ይደነግጣል። ብሩ ሦስቱን ነገሮች አደባልቆ በአንድ ቁጥር የሚሰጥ ስለ ሆነ ምክንያቱን አይናገርም። ስለዚህ መርማሪው በመጀመሪያ ብሩን ወደ ጎን ትቶ የኤሌክትሪኩን መጠን መመልከት አለበት።

የኤሌክትሪክ መጠን የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ በ1 ሰዓት ውስጥ የሚበላው ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ እንግዲህ ሳያቋርጥ 1 ሰዓት ቢሠራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 9 ዋት የሆነ የዘመኑ አምፖል ይህንኑ ያህል ለመብላት 389 ሰዓት፣ ማለት ከ16 ቀንና ሌሊት በላይ መብራት ይኖርበታል። ከዚህ ንጽጽር አንድ ትልቅ ሕግ ይገኛል፤ ይኸውም በቤት ውስጥ ብዙ የሚበላው ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ነው። ብርሃንና ድምፅ የሚሰጠው በዓይንና በጆሮ ስለሚታወቅ ይታማል፤ የሚያሞቀው ግን ድምፁን አጥፍቶ ይበላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ ንባቡ ልክ ነውን?

በወረቀቱ ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ ይጻፋሉ፤ ልዩነታቸው የወሩ ፍጆታ ነው። በእኛ ወረቀት ላይ ያለፈው ንባብ 18,432፣ የአሁኑ 19,202 ነበረ፤ ልዩነቱ 770 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር የተቆጠረው 302 ብቻ ነበረ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ማጣራት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የቆጣሪ ቁጥር በቆጣሪው ፊት ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን ማየት ነው፤ ብዙ ቆጣሪዎች ባንድ ግድግዳ ላይ በተሰቀሉበት ስፍራ የአንዱ ሒሳብ ለሌላው ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው፣ ንባቡ በዓይን የታየ ነው ወይስ የተገመተ የሚለው ነው። አንባቢው ግቢው ተዘግቶ አግኝቶ ለሁለት ወር ያህል በግምት ዝቅ አድርጎ የጻፈ እንደ ሆነ፣ በሦስተኛው ወር ቆጣሪው በትክክል ሲነበብ የሦስቱ ወር ቀሪ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የበላ አዲስ ነገር የለም፤ የተጠራቀመ ዕዳ ነው። ሦስተኛው፣ ወረቀቱ በደረሰበት ቀን ቆጣሪውን ራስ ማንበብ ነው። ቆጣሪው በወረቀቱ ላይ ካለው ያነሰ ቁጥር ካሳየ ወረቀቱ ተሳስቷል፤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ በጽሑፍ ማመልከት ይገባል።

እኛ ቆጣሪውን ያየነው መስከረም 9 ቀን ነው፤ ንባቡ 19,356 ነበረ። ሒሳቡ የተነበበው መስከረም 2 ቀን ስለ ሆነ በ7 ቀን 154 ኪሎዋት ሰዓት ተጨምሮበታል፤ ይህም በቀን 22 ማለት ነው። የወረቀቱን 770 ለ35 ቀን ብናካፍለው ያው 22 ይሆናል። እንግዲህ ወረቀቱ አልተሳሳተም፤ ኤሌክትሪኩም ገና እየተበላ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ቀኑና ዋጋው

አንባቢ ለምን በ35 እንዳካፈልሁ ይጠይቅ ይሆናል። ያለፈው ንባብ የተወሰደው ነሐሴ 2 ቀን ነው፤ የአሁኑ ደግሞ መስከረም 2 ቀን ነው። በመካከሉ የጳጉሜን 5 ቀን አለ። ስለዚህ ሒሳቡ የአንድ ወር ቢባልም የ35 ቀን ነው። በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ ግቢ፣ ምንም ነገር ሳይለወጥ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ በ300 ፈንታ 350 ይቆጠርበታል። ጳጉሜን በቀን መቁጠሪያችን ትንሽ ወር ናት፤ ሒሳብ ላይ ግን ስድስተኛ እጅ ትጨምራለች። ወርን ከወር ጋር ሳይሆን የቀንን ፍጆታ ከቀን ፍጆታ ጋር ማስተያየት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ዋጋውን በሚመለከት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛው፣ ዋጋው ራሱ መለወጡ ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች ዋጋው ሳይጨመር ቀርቶ ከዚያ በላይ ላሉት በየደረጃው ከፍ ብሏል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ፍጆታው ሳይለወጥ ብሩ ሊጨምር ይችላል። ሁለተኛው፣ ዋጋው እንደ መሰላል መሆኑ ነው፤ ብዙ የሚበላ ግቢ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ጥቂት ከሚበላው ይበልጣል። በእኛም ግቢ ፍጆታው ሁለት እጥፍ ተኩል ሲሆን ብሩ ሦስት እጥፍ ገደማ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ የቀኑንና የዋጋውን ነገር ብንቀንስ እንኳ፣ በቀን 10 የነበረው ለምን 22 ሆነ የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቀራል።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ የሚበላው ማን ነው?

ክሱ በምጣዱ ላይ ስለ ነበረ ምርመራውን ከምጣዱ ጀመርን። ጎረቤቴ መጋገር ስትጀምርና ስትጨርስ ቆጣሪውን አነበብን፤ በዚያም ጊዜ ሌሎቹ ትልልቅ ዕቃዎች ሁሉ ተነቅለው ነበር። የአንድ ቀን ጋገራዋ 8 ኪሎዋት ሰዓት በላ። በሳምንት ሦስት ቀን ስለምትጋግር በ35 ቀን 15 ጊዜ ጋግራለች፤ ይህም 120 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከ770 ስድስተኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ከዚያም በላይ ይህ 120 አዲስ አይደለም፤ ሒሳቡ ደኅና በነበረበት ጊዜም ምጣዱ እንዲሁ ይሠራ ነበር። ሁልጊዜ የነበረ ነገር በድንገት ለመጣ ጭማሪ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይህ አሳብ ቀላል ቢመስልም በክሱ ጊዜ ማናችንም አላነሣነውም።

ይሁን እንጂ ምጣድ ከነበረው በላይ ሊበላ የሚችልበት ጊዜ ስላለ ይህንንም መርምረናል። የኤሌክትሪኩ ግፊት ከ220 ቮልት ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በግፊቱ ልክ ሳይሆን በግፊቱ ስኩዌር ይቀንሳል። ግፊቱ 190 ቮልት ቢሆን 3,500 ዋት የነበረው ወደ 2,600 ይወርዳል። ምጣዱ ቶሎ ስለማይግል እያንዳንዱ እንጀራ ብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ በጎንና በሥር እየሸሸ ይባክናል። ስለዚህ ኃይሉ ቀንሶ ሳለ ለአንድ እንጀራ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ከምጣዱ ሸክላ ሥር ያለው መከላከያ ሲያረጅም እንዲሁ ነው። በእኛ ግቢ ግን የጋገራው ሰዓት እንደ ወትሮው ስለ ነበረ ይህ ምክንያት ውድቅ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የየክፍሉን ዕቃ በደብተር መዘገብሁ፤ የሚስበውን ዋት ከላዩ ላይ አንብቤ፣ በቀን የሚሠራበትን ሰዓት ባለቤቱን ጠይቄ አባዛሁት። ፍሪጁ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል፤ ስቶቩ፣ ካውያው፣ አምፖሎቹና ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ተደምረው ከ3 የማይበልጥ፤ ምጣዱ ሲካፈል በቀን ሦስት ተኩል ያህል፤ የእማማ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ደግሞ ወደ 3 ሆኖ ተገኘ። ድምሩ በቀን ከ10 ትንሽ ከፍ ይላል። በወረቀት ላይ የምናውቀው ሁሉ ከ10 ብዙ ሳያልፍ ቆጣሪው 22 ይቆጥራል። ልዩነቱን የሚበላው እኛ ሳናውቀው የሚሠራ ነገር ነው ማለት ነው።

የሌሊቱ ፈተና

ሳይታወቅ የሚሠራ ነገር የሚገኘው የሚታወቀው ሁሉ ሲጠፋ ነው። መስከረም 10 ቀን፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ፣ በአራቱም ቤት ያለው ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ተነቀለ፤ አምፖሎች ጠፉ፤ እኛም በባትሪ ብርሃን ከቆጣሪው ፊት ቆምን።

ቆጣሪ ሁለት ዓይነት ነው። የቀድሞው በመስኮቱ ውስጥ የአሉሚኒየም ሳሕን የሚዞርበት ሲሆን፣ የዚህን ዓይነት ቆጣሪ የፈጠራ መብት የሃንጋሪው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ በ1889 እ.ኤ.አ. አስመዝግቧል። የሚሳበው ኃይል በጨመረ መጠን ሳሕኑ ይፈጥናል። በአዲሱ ዓይነት ሳሕኑ ቀርቶ ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። በእኛ ቆጣሪ ፊት 1,600 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ይህም 1,600 ብልጭታ 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው ማለት ነው። በሳሕኑም ቆጣሪ ላይ እንዲሁ 1 ኪሎዋት ሰዓት ስንት ዙር እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል።

በመጀመሪያ ቀይዋ መብራት ጸጥ አለች። እማማም «ታዲያ ምን አለ? የሚበላው ቀን ነው» ብለው ወደ ምጣዱ ክፍል አዩ። ብዙ ሰው ፈተናውን በዚህ ጊዜ ጨርሶ ይተኛል። እኛ ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ለመቆየት ተስማምተን ስለ ነበረ ጠበቅን። ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ብልጭታው ጀመረ። በ15 ሰከንድ 10 ብልጭታ ቆጠርሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የብልጭታውን ብዛት በ3,600 አባዝቶ፣ በቆጣሪው ቁጥርና በሰከንዱ ብዛት ብዜት ማካፈል ነው። 36,000 ለ24,000 ሲካፈል 1.5 ኪሎዋት ይሆናል። ብልጭታው 7 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቆመ፤ 12 ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ እንደገና ጀመረ፤ ሰዓቱ እስኪሞላ እንዲህ ሲመላለስ ቆየ።

ባለ 1.5 ኪሎዋት ዕቃ በየ19 ደቂቃው 7 ደቂቃ ከሠራ በቀን 13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። የምንፈልገው ልዩነት ይህ ነበረ። የትልቁን ቤት ብሬከሮች አንድ በአንድ ስናጠፋ የቦይለሩ ሲወርድ ብልጭታው ቆመ።

እማማ ተገረሙ። ሰው ካልታጠበበት ቦይለር አይበላም ብለው ያምኑ ነበርና። እውነቱ ግን ቦይለር እንደ በራ ከተተወ ሙቀቱ በሸሸ ቁጥር ራሱ እየበራ ያሞቃል። ደኅና ቦይለር ግን ውሃ ካልተቀዳበት ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ያርፋል። ይኸኛው 12 ደቂቃ እንኳ አላረፈም ማለት ይቻላል። ይህ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል፣ ወይም ሙቁ ውሃ በአንድ ስፍራ እየወጣ በቀዝቃዛ እየተተካ ነው። ቴርሞስታቱ ቢበላሽ ኖሮ ውሃው ከመጠን በላይ ይፈላ ነበር፤ በቴርሞሜትር ስንለካው ግን ደንበኛው 60 ዲግሪ ነበረ። እንግዲህ የሚፈስ ውሃ አለ።

ከግድግዳው ሥር የተገኘው

ለዚህ የሚመሰክር ሌላ ወረቀት በእማማ መሳቢያ ውስጥ ነበረ። የውሃውም ሒሳብ በዚያው ወር 7 ሜትር ኩብ ያህል ጨምሮ ነበር፤ እሱንም ለሊጥ በሚወጣው ውሃ አሳብበው ትተውታል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው አልነበረም።

በግቢው ውስጥ በቅርቡ የተለወጠ ነገር እንዳለ ስንጠያየቅ፣ በሐምሌ መጨረሻ ከመታጠቢያ ቤቱ ወደ ኩሽና ሙቅ ውሃ የሚወስደው ቧንቧ ተበላሽቶ መገጣጠሚያው መለወጡን እማማ አስታወሱ። ያ ቧንቧ በውጭ በኩል ከግድግዳው ሥር ተቀብሮ ያልፋል። ክረምቱን መሬቱ ሁሉ እርጥብ ስለ ነበረ ማንም ልብ አላለውም። መስከረም ጠብቶ ግቢው ሲደርቅ ግን ያ ስፍራ ብቻ እንደ ረጠበ ቀረ፤ እጅ ሲያሳርፉበትም ሞቅ ይላል። የእማማ ድመት ጧት ጧት ከዚያ አጠገብ ባለችው ድንጋይ ላይ መተኛት ከጀመረች ሰንብታለች። ሁላችንም አይተናል፤ ምክንያቱን የጠየቀ ግን የለም።

በማግስቱ አፈሩን ቆፍረን መገጣጠሚያውን አገኘነው። ከሥሩ ጆግ አድርገን በሰዓት ስንለካ 1 ሊትር ውሃ በ6 ደቂቃ ሞላ። ይህ በሰዓት 10 ሊትር፣ በቀን 240 ሊትር ነው። በቧንቧ የሚገባው ውሃ 18 ዲግሪ ስለ ነበረ ቦይለሩ እያንዳንዱን ሊትር በ42 ዲግሪ ማሞቅ አለበት። 1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1 ኪሎካሎሪ ይፈጃል፤ እንግዲህ በቀን 10,080 ኪሎካሎሪ ይወጣል። 1 ኪሎዋት ሰዓት 860 ኪሎካሎሪ ስለ ሆነ ውጤቱ በቀን 11.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሌሊቱ ፈተና ከተገኘው 13 ላይ ቦይለሩ ሁልጊዜ በጎኑ የሚያሸሸውን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ብንቀንስ ሁለቱ ልኬቶች ይስማማሉ። አንዱ በኤሌክትሪክ፣ ሌላው በውሃ የተገኘ ስለ ሆነ ስምምነታቸው ድንገተኛ ነው ሊባል አይችልም።

እንግዲህ የሒሳቡ ማስታረቂያ እንደሚከተለው ነው። ግቢው በደኅና ጊዜ በቀን 10 ስለሚበላ በ30 ቀን 300፤ ለጳጉሜን 5 ቀን 50፤ የሚፈሰው ሙቅ ውሃ በ35 ቀን 410። ድምሩ 760 ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ያለው 770 ነው። የቀረችው 10 ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦና ለእንግዳ የወጣች ናት ብንል አንሳሳትም። ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሆነው መሬት ውስጥ ፈሶ የቀረ ሙቀት ነው፤ ማንም አልታጠበበትም፤ ማንም አልበላበትም።

መገጣጠሚያው መስከረም 12 ቀን ተሠራ። ከዚያ ቀን እስከ መስከረም 19 ቆጣሪው የጨመረው 71 ብቻ ነው፤ በቀን 10 ማለት ነው። ጎረቤቴም በእነዚህ ቀናት እንደ ወትሮዋ ሦስት ጊዜ ጋግራለች። እማማ ደብተሩን አይተው፣ «ልጄ፣ በከንቱ አሳዘንሁሽ» አሏት። ገንዘቡ ግን መከፈሉ አልቀረም፤ ቆጣሪው የቆጠረው እውነት ነበርና። የፈሰሰውን ውሃ ድርሻ እማማ ራሳቸው ወሰዱ፤ የቀረውን እንደ ወትሮው ተካፈልን።

ስለ ጋራ ቆጣሪ

ምርመራው ቢፈጸምም አንድ ነገር በአሳቤ ቀርቷል። ቧንቧው ባይፈስ ኖሮ እንኳ የጋራ ቆጣሪ ራሱ ፍርድ የሚያጓድልበት መንገድ አለ። እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚበሉ አምስት ቤተሰቦች ብናስብ፣ ለየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው አምስቱም በመጀመሪያው፣ ማለት እስከ 50 በሚደርሰው ዝቅተኛ ዋጋ ይታሰብላቸው ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲሆኑ ግን ግቢው 225 እንደ በላ አንድ ትልቅ ቤት ተቆጥሮ ወደ ላይኛው የመሰላሉ ደረጃ ይወጣል። ጥቂት የሚበላው ድኃ ዋጋው እንዲቀልለት ተብሎ የተሠራው ሥርዓት፣ ቆጣሪው የጋራ በመሆኑ ብቻ ለእርሱ ሳይደርሰው ይቀራል። ከዚህም በላይ አከፋፈሉ በግምት ስለ ሆነ፣ የሚታየው ዕቃ ያለው ሰው ስለማይታየው ይከፍላል።

ለዚህ ዋነኛው መድኃኒት ለየቤተሰቡ የየራሱን ቆጣሪ ማስገባት ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ በየክፍሉ መስመር ላይ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ትንሽ ቆጣሪ ቢያስገባ፣ ዋጋው ባይለወጥም አከፋፈሉ በግምት መሆኑ ይቀራል። ይህም ባይቻል በየሳምንቱ ቆጣሪውን አንብቦ በደብተር መጻፍ ምንም ወጪ የለውም። የእኛ ግቢ እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖረው ኖሮ ፍሳሹ በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ይታወቅ ነበር። የካርድ ቆጣሪ ያላቸውም ቀሪያቸው በቀን ምን ያህል እንደሚቀንስ ቢጽፉ ያው ጥቅም ያገኛሉ።

መደምደሚያ

ከዚህ ምርመራ የተገኘውን ባጭሩ ለማመልከት፣ ሒሳብ ሲንር በሚከተለው ተራ መሄድ ይበጃል። አስቀድሞ የቆጣሪውን ቁጥርና ንባቡን ማጣራት፤ ቀጥሎ ፍጆታውን ለቀን ማካፈል፣ ታሪፉ መለወጥ አለመለወጡንም ማየት፤ ከዚያ ሙቀት የሚሰጡትን ዕቃዎች አንድ በአንድ መለካት፤ በመጨረሻም ሁሉን ነቅሎ በሌሊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ከቆጣሪው ፊት መጠበቅ ነው። ዕቃው ሁሉ ተነቅሎ ሳለ ቆጣሪው ቢቆጥር ብሬከሮቹን ተራ በተራ ማጥፋት መስመሩን ያሳያል። ዕቃ በሌለበት መስመር ላይ ቢቆጥር ሽቦው ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ መሬት እየሸሸ ሊሆን ስለሚችል ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ ባለሙያ እስኪያየው ያን መስመር ማጥፋት ይገባል። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ዋናው ብሬከር ወርዶ እንኳ ቆጣሪው ቢቆጥር ግን፣ ወይ በመካከል የተቀጠለ ሽቦ አለ፣ ወይም ቆጣሪው ራሱ ታሟል፤ ያን ጊዜ ማኅተሙን ሳይነኩ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ግን አንድ ነገር ይቀድማል፤ ይኸውም ቆጣሪው ሳይጠየቅ ሰው አለመጠየቁ ነው። አንዲት እናት ቤትዋን ልታጣ የነበረው በቀን 240 ሊትር ውሃ ምክንያት ነው፤ ይህንንም ለማወቅ የፈጀው የአንድ ሌሊት ትዕግሥትና አንድ ጆግ ነው። በየግቢያችሁ የምትኖሩ ጓደኞቼ ተማሪዎች ይህን ፈተና አድርጋችሁ ያገኛችሁትን ብታቀርቡ፣ ከአንድ ግቢ የተገኘው ይህ ውጤት በብዙ ግቢ ይመዘናል። በስሌቱ ላይ ስሕተት የሚያገኙ መምህራንም ቢያርሙኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።